ቴሌግራም ላፕቶፑን ሲሞላው፦ የትኛው የማስለቀቂያ መንገድ ለማን ይሻላል?

ዊንዶውስ የሲ ድራይቭን መስመር ቀይ የሚያደርገው ባዶው ቦታ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። «128 ጊጋባይት» ተብሎ የሚሸጥ ኤስኤስዲ (የላፕቶፑ ማከማቻ ዲስክ) በዊንዶውስ አቆጣጠር 119 ገደማ ብቻ ነው፤ 256 የተባለውም 238 ይላል። ከዚህ ላይ ዊንዶውሱና ኦፊሱ ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ የተረፈውን ቦታ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ቴሌግራም ነው። ፊልሙም፣ የፈተና ጥያቄውም፣ የትምህርት ቪዲዮውም፣ ፒዲኤፍ መጽሐፉም የሚዞረው በእሱ ነውና።

ምክሩ ደግሞ አይጠፋም። አንዱ «ካሽ አጥፋ»፣ ሌላው «አንኢንስቶል አድርገህ መልሰህ ጫነው»፣ ሦስተኛው «ዌቡን ተጠቀም» ይላል። እያንዳንዱ መንገድ የሚነካው ግን የተለያየ ፋይል ነው። አንዱ አስተማማኝ ሆኖ ጥቂት ያስለቅቃል፤ ሌላው ብዙ የሚያስለቅቅ ይመስልና ትልቁን ክምር ሳይነካው ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው፤ የምርጫዎቹ ስምና ቦታ እንደ ቨርዥኑ ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

## ሳያጠፉ በፊት ይለኩ

ቴሌግራም ላፕቶፕ ላይ ሁለት ትልልቅ ክምሮች አሉት።

የመጀመሪያው ካሽ ነው። ቻናል ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉ የታዩት ፎቶዎች፣ ስቲከሮች፣ የድምፅ መልእክቶች፣ ሳያወርዱ እዚያው ከፍተው ያዩዋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «ቲዳታ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ፋይሎቹ የተመሰጠሩና ስማቸው ትርጉም የማይሰጥ ስለሆነ ከፍቶ እየመረጡ ማጥፋት አይቻልም። ፎልደሩን ለማግኘት ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የቴሌግራም ምልክት በቀኝ ተጭነው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ይበሉ፤ ከፕሮግራሙ ጎን ያገኙታል። ቴሌግራሙን የጫኑት ከማይክሮሶፍት ስቶር ከሆነ ግን እዚያ አይገኝም፤ «አፕዳታ» ውስጥ «ሎካል» ከዚያም «ፓኬጅስ» ሥር ነው።

ሁለተኛው የወረዱ ፋይሎች ክምር ነው። የማውረጃዋን ቀስት ተጭነው ያመጡት ነገር ሁሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይቀመጣል። ካልቀየሩት በቀር ይህ ፎልደር ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። እዚሁ ፎልደር ውስጥ ሰው የሚረሳቸው ነገሮችም ይከማቻሉ፦ ሁለቴ የወረደና ስሙ መጨረሻ ላይ «(2)» የተጨመረበት ፋይል፣ ከተፈታ በኋላ ያልተጣለ ዚፕና ራር፣ አንድ ጊዜ «ኤክስፖርት ቴሌግራም ዳታ» ተብሎ የወጣ የቻት ቅጂ። አራት ጊጋባይት የሆነ የቪዲዮ ኮርስ በዚፕ መጥቶ እዚያው ከተፈታ ስምንት ጊጋባይት ያህል ይዟል ማለት ነው፤ ቪዲዮ ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ ዚፑ መጠኑን እምብዛም አይቀንሰውም።

ሁለቱንም ፎልደሮች በየተራ በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለውን ያንብቡ። የዳውንሎዱ ፎልደር 40 ጊጋባይት፣ ቲዳታው ደግሞ 1.5 ከሆነ ካሽ ለማጥፋት መድከም ጥቅም የለውም። ቁጥሮቹ የተገለበጡ ከሆነ ፊልም መሰረዝ አያስፈልግዎትም። ሁለቱም ትንሽ ከሆኑ ቦታውን የበላው ቴሌግራም አይደለም፤ እንደ ዊንዲርስታት ወይም ትሪሳይዝ ባለ ነፃ መለኪያ ሲ ድራይቩን በሙሉ ቢያዩት ይሻላል።

## በምን እንመዝናቸው?

ከጊጋባይቱ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። መንገዱ የትኛውን ክምር ይነካል? የጠፋው ፋይል ሲፈለግ ይመለሳል ወይ፣ ቢመለስስ በስንት ዳታ? ከወር በኋላ ቦታው ተመልሶ ይሞላል? አካውንቱ ከእጅ የመውጣት አደጋ አለው? መጨረሻም፣ ገንዘብ ያስወጣል?

የዳታው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቴሌግራም ተራ ቻቶችን በራሱ ሰርቨር ስለሚያስቀምጥ ላፕቶፑ ላይ የጠፋው ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን በእርስዎ ፓኬጅ ነው። ቤቱ ያልተገደበ ዋይፋይ ላለው ሰው ካሽ ማጥፋት ምንም አያስከፍልም። ከስልኩ ሆትስፖት ለሚጠቀም ሰው ግን ያው ፎቶና ቪዲዮ ሁለተኛ ጊዜ ይገዛል።

«ይመለሳል» የሚለውም የራሱ ገደብ አለው። ፋይሉ የሚመለሰው መልእክቱ እስካለ ድረስ ነው። የቻናሉ ባለቤት ከሰረዘው፣ ቻናሉ ከተዘጋ ወይም እርስዎ ከአንድ የግል ግሩፕ ከወጡ ላፕቶፑ ላይ የነበረው ቅጂ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

## መንገዶቹ አንድ በአንድ

ካሽ ማጥፋት። «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ»። እዚያ የፎቶው፣ የስቲከሩ፣ የድምፁ፣ የቪዲዮው መጠን ተለያይቶ ይታያል፤ አንዱን ብቻ ማጥፋትም፣ «ክሊር ኦል» ብሎ ሁሉንም ማጥፋትም ይቻላል። ስቲከሩን ባይነኩት ይመረጣል፤ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ወዲያውም ተመልሶ ይወርዳል። መልእክት አይጠፋም፣ ከአካውንትም አያስወጣም። የወረዱ ፋይሎችን ግን ጨርሶ አይነካም። «ካሽ አጥፍቼ ምንም አልተለወጠም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመጣል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፦ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አካውንት የከፈተ ሰው ለእያንዳንዱ የተለየ ካሽ አለው። አንዱን አካውንት ማጽዳት ሌላውን አያጸዳም፤ ወደየአካውንቱ እየገቡ መደገም አለበት።

ገደብ ማበጀትና አውቶማቲክ ማውረድን መዝጋት። እዚያው «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ውስጥ የሚንሸራተቱ መስመሮች አሉ፦ የጠቅላላው ካሽ ጣሪያ፣ የሚዲያ ካሽ ጣሪያ፣ እና ከስንት ጊዜ በላይ የቆየ ፋይል ይጥፋ የሚለው። ጣሪያውን ለእያንዳንዱ ወደ 1 ጊጋባይት አካባቢ፣ ጊዜውን ወደ አንድ ሳምንት ወይም ወር ቢያወርዱት ቴሌግራም ከቆየው እየጀመረ ራሱ ይጥላል። የውይይት ግሩፕ ብቻ ለሚከታተል ሰው ከዚህም ያነሰ ይበቃል። በየቀኑ ተመሳሳይ ቪዲዮ እየደጋገመ የሚያይ ሰው ግን ጣሪያውን ከልክ በላይ ቢያወርደው ቪዲዮው በታየ ቁጥር እንደ አዲስ ይወርዳል፤ ዲስኩ ያተረፈውን ፓኬጁ ይከፍላል።

«አድቫንስድ» ውስጥ ወረድ ሲሉ «አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ይገኛል፤ ለግል ቻት፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻው ይስተካከላል። የቻናሉን ፋይል ማውረድ መዝጋት፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት ማድረግ፣ የግል ቻቱን ፎቶ ክፍት መተው ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ሁሉም ከተዘጋ እያንዳንዱን ፎቶ ለማየት መጫን ግድ ይሆናል፤ ያ ያሰለቻል፣ ሰውም ከሳምንት በኋላ መልሶ ይከፍተዋል።

ይህ መንገድ ዛሬ የሚያስለቅቀው ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ካሹ ተመልሶ እንዳይሞላ የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው።

የዳውንሎዱን ፎልደር ማጽዳት። ብዙ ጊዜ ትልቁ ቦታ የሚገኘው እዚህ ነው። ፎልደሩን ከፍተው በ«ሳይዝ» ይደርድሩ፤ ከላይ ያሉት ሃያ ፋይሎች አብዛኛውን ቦታ ይዘው ቢገኙ አይገርምም። ፋይሉ ከዚህ ሲጠፋ ቻቱ ውስጥ ያለው መልእክት እንዳለ ይቀራል፤ የማውረጃዋ ቀስት ብቻ ትመለሳለች።

ሦስት ስህተቶች እዚህ ላይ ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ የተሰረዘው ወደ ሪሳይክል ቢን ነው የሚሄደው፤ ቢኑ ካልተጠረገ ቦታው አይለቀቅም። «ሺፍት»ን ይዞ «ዲሊት» መጫን በቀጥታ ያጠፋል፣ ግን መመለሻ የለውም። ሁለተኛ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ቻቱን ወይም መልእክቱን ቴሌግራም ውስጥ መሰረዝ የተገላቢጦሽ ሥራ ነው፦ ከሰርቨሩ ይጠፋል፣ የወረደው ፋይል ግን ዲስክዎ ላይ ተቀምጧል። በግል ቻት ደግሞ ከሌላው ሰውም ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ ፎልደሩን በሙሉ መርጦ ማጥፋት። የሥራ ሰነዱ፣ የተፈረመው ውል፣ የተማሪው አሳይመንት ከፊልሙ ጋር እዚያው ተደባልቆ ነው ያለው።

ማጥፋት ያሳሳው ሰው ፋይሉን መጀመሪያ ወደ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ሊልከው ይችላል። እዚህ ላይ ልዩነት አለ። ከቻናሉ ፎርዋርድ ማድረግ ሰርቨር ላይ የሚያልቅ ስለሆነ ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል፤ ከላፕቶፑ እንደ አዲስ መጫን ግን የፋይሉን ሙሉ መጠን ይበላል። ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ዋናው መልእክት ከቻናሉ ቢሰረዝም ይቆያል። ፎርዋርድና ሴቭ የከለከለ ቻናል ላይ ይህ አይሠራም። ለነፃ ተጠቃሚ አንድ ፋይል እስከ 2፣ ለፕሪሚየም እስከ 4 ጊጋባይት ይጫናል።

ዊንዶውስ ራሱ ይህን ጽዳት ሊሠራ ይችላል፦ «ስቶሬጅ ሴንስ» የሚባለው፣ «ሲስተም» ሥር «ስቶሬጅ» ውስጥ አለ። ዳውንሎድስ ውስጥ ለ14፣ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ያልተከፈተ ፋይል እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ትእዛዝ እርስዎ ካልከፈቱት በቀር ዝግ ነው፣ ዝግ መሆኑም ጥሩ ነው። «በክረምት አየዋለሁ» ተብሎ የወረደ ኮርስ በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ተጠራጊ ይሆናል።

የማውረጃውን ቦታ መቀየር። «አድቫንስድ» ውስጥ «ዳውንሎድ ፓዝ» ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ የተለመደው ፎልደር፣ ሎግ አውት ወይም አንኢንስቶል ሲደረግ የሚጠፋ ጊዜያዊ ፎልደር፣ እና እርስዎ የመረጡት ፎልደር። ላፕቶፑ ዲ ድራይቭ ካለው ሦስተኛውን መርጦ ዲ ላይ «ቴሌግራም» የሚል ፎልደር መስጠት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የቀድሞዎቹ ፋይሎች ግን ተከትለው አይሄዱም፤ በእጅ ቆርጦ ማዛወር ያስፈልጋል።

ዲው የዚያው ዲስክ ክፋይ ከሆነ ያተረፉት ለሲ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ በጠቅላላው አንድ ሜጋባይት አላገኘም። ሲ መተንፈሱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ የዊንዶውስ አፕዴት የሚፈልገው ቦታ እዚያ ነውና። ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ዲስክ ላይ ካደረጉት ደግሞ ዲስኩ ሳይሰካ ማውረድ አይሆንም። ፋይል ሁሉ ሲወርድ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀው «አስክ ዳውንሎድ ፓዝ ፎር ኢች ፋይል» የሚለው ምርጫ ለሥርዓት ወዳድ ይመቻል፤ ለችኩል ሰው ግን አይሆንም።

ፋት 32 በሚባለው የቆየ የዲስክ አደረጃጀት የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚመስል መልስ ይሰጣል። ኤክስፋት አድርጎ መፎርመት ይፈታዋል፤ መፎርመት ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና ቀድመው ይገልብጡ።

ፖርታብሉን ሌላ ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ። ከቴሌግራም ድረ ገጽ የሚወርደው ፖርታብል ቨርዥን መጫን አይፈልግም፤ ቲዳታውም ከፕሮግራሙ ጎን ስለሚሆን ካሹ በሙሉ ከሲ ይወጣል። ከአካውንት ሳይወጡ ለመዛወር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ካሹን በ«ክሊር ኦል» ያጥፉ፤ አለዚያ የሚገለበጠው ብዙ ይሆናል።
2. ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቴሌግራም ምልክት በቀኝ ተጭነው «ኩዊት» ይበሉ። መስኮቱን በኤክስ መዝጋት አይበቃም፤ ከበስተጀርባ መሥራቱን ይቀጥላል።
3. ፖርታብሉን ዲ ላይ ይፍቱ፤ የቀድሞውን ቲዳታ ገልብጠው ከፕሮግራሙ ጎን ያስቀምጡ።
4. አዲሱን ከፍተው መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የቀድሞውን አንኢንስቶል ያድርጉ።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳይከፍቱ። አንድ ዓይነት የመግቢያ ቁልፍ ከሁለት ቦታ ሲመጣ የቴሌግራም ሰርቨር መግቢያውን ሊሰርዘውና ሊያስወጣዎት ይችላል። ቲዳታ ውስጥ ያለው ካሽ ብቻ አለመሆኑም አይረሳ፤ የአካውንቱ መግቢያ ቁልፍ እዚያ ነው። ያንን ፎልደር የገለበጠ ሰው ኮድ ሳይጠየቅ አካውንትዎ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ላይ አይቀመጥም። «ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ሎካል ፓስኮድ» ማድረግ ቁልፉን ይመሰጥረዋል፤ ፖርታብል ለሚጠቀም ሰው ይህ ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

በብሮውዘር መጠቀም። የቴሌግራም ዌብ ፕሮግራም መጫን አይፈልግም። ካሹ ብሮውዘሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሳይቱን ዳታ ሲያጠፉ ካሹም መግቢያውም አብረው ይጠፋሉ። የሚያወርዱት ፋይል አሁንም ዳውንሎድስ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ ብዙ ለሚያወርድ ሰው መፍትሔ አይደለም። መልእክት ለማንበብና ለመመለስ ብቻ ለሚፈልግ፣ ወይም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሰው ይስማማል።

አንኢንስቶል አድርጎ እንደገና መጫን። በብዛት ይመከራል፤ በዚህ ንጽጽር ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የተለመደ ፎልደር አይነካም። የሚያስለቅቀው ካሹን ነው፤ ካሹን ደግሞ በሁለት ጠቅታ ማጥፋት ይቻል ነበር። ተመልሶ ለመግባት ኮድ ወይም ከስልክ ላይ ኪውአር ስካን ማድረግ ይጠይቃል። ኮዱ የሚመጣው በሌላ መሣሪያ ላይ ወደተከፈተው ቴሌግራም፣ ከሌለም ወደ ስልክ ቁጥሩ ነው። ከአገር ሲወጡ የኢትዮጵያ ሲማቸውን ትተው፣ አካውንቱ ግን በድሮው ቁጥር የቀረባቸው ሰዎች ላፕቶፑ ብቸኛው መግቢያቸው ከሆነ ይህን መንገድ በፍጹም እንዳይሞክሩት። የአካውንቱን ቁጥር ወደ አዲሱ መቀየር መቅደም አለበት።

## በሰንጠረዥ

| መንገድ | የሚነካው | ተመልሶ ይሞላል? | የዳታ ወጪ | አደጋ | ገንዘብ |
|---|---|---|---|---|---|
| ካሽ ማጥፋት | ካሹን ብቻ | አዎ፣ ገደብ ከሌለ | እንደገና የሚያዩትን ያህል | የለም | የለም |
| ገደብና አውቶማቲክ ማውረድ መዝጋት | የወደፊቱን ካሽ | አይ | ይቀንሳል፤ ጣሪያው እጅግ ካነሰ ይጨምራል | የለም | የለም |
| ዳውንሎድ ፎልደር ማጽዳት | የወረዱትን | እንደ ልማዱ | እንደገና ካወረዱ ሙሉ መጠኑ | የማይመለስ ፋይል | የለም |
| ማውረጃ ቦታ መቀየር | የወደፊት ፋይሎችን | ሲ አይሞላም፣ አዲሱ ይሞላል | የለም | ዲስኩ ካልተሰካ አይሠራም | ዲ ካለ የለም፤ ከሌለ የኤክስተርናል ዋጋ |
| ፖርታብል | ካሹን በሙሉ ከሲ ያወጣል | ሲ አይሞላም | ፖርታብሉን ማውረድ | ቲዳታ ከተሰረቀ አካውንቱ | እንደ ላይኛው |
| ዌብ | ቲዳታን ያስቀራል | በብሮውዘሩ ውስጥ በመጠኑ | መካከለኛ | የሳይት ዳታ ሲጠፋ መውጣት | የለም |
| አንኢንስቶል | ካሹን | አዎ | ፕሮግራሙና የሚታየው ሁሉ | መግባት አለመቻል | የለም |

## ለማን የትኛው?

64 ወይም 128 ጊጋባይት ዲስክ ላለውና ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው፦ የዳውንሎዱን ፎልደር በመጠን ደርድሮ ማጽዳት፣ ቢኑን መጥረግ፣ ከዚያ የካሹን ጣሪያ ማውረድ። በዚህ ቅደም ተከተል ከተሠራ ሌላው መንገድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ካሹን በሙሉ ከማጥፋት ይልቅ የቆየው ብቻ እንዲጠፋ ጊዜውን ወደ አንድ ወር ያድርግ፤ የቻናል አውቶማቲክ ማውረድንም ይዝጋ። ይህ ዲስኩንም ፓኬጁንም ይጠቅማል።

ፊልምና ኮርስ የሚሰበስብ ሰው ችግሩን በማጽዳት አይፈታውም፤ የሚያወርደው ከሚያጠፋው ይበልጣል። ለእሱ ማውረጃውን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማዞር ይሻላል። ለዚህ ሥራ ውድ ኤስኤስዲ አያስፈልግም፤ ፊልም ለማስቀመጥና ለማየት ተራው የሚሽከረከር ዲስክ ይበቃል። ብቸኛ ቅጂ የሆነ ነገር ግን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይተው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ከወደቀ ለመነሳቱ ዋስትና የለም።

የሥራ ሰነድ በቴሌግራም የሚቀበል ሰው «አስክ ዳውንሎድ ፓዝ» የሚለውን ይክፈት፤ ሰነዱ ከመጀመሪያው ወደ ሥራ ፎልደሩ ይሄዳል፣ የቀረውን ሁሉ ያለ ስጋት መጥረግ ይችላል።

ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች ሁለት የተለያዩ የቴሌግራም ፕሮግራሞች እንዳሉ ይወቁ። ቴሌግራም ዴስክቶፑ ከላይ እንደተባለው ነው። ለማክ ብቻ የተሠራው ግን ማጽጃው «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ነው፤ ሲክሬት ቻትም ይደግፋል። የሲክሬት ቻት ይዘት ሰርቨር ላይ ስለማይቀመጥ ከአካውንት መውጣት ወይም ፎልደሩን ማጥፋት ማለት ቻቱን ላይመለስ ማጣት ነው።

ላፕቶፑን ለመሸጥ ወይም ለሌላ ለማስረከብ ቦታ የሚያስለቅቅ ሰው ካሽ ማጥፋት አይበቃውም። መጀመሪያ ከቴሌግራሙ ሎግ አውት ማድረግ፣ ቀጥሎ ቲዳታውንና የዳውንሎዱን ፎልደር መሰረዝ፣ በመጨረሻም ስልኩ ላይ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የላፕቶፑ መግቢያ ከዝርዝሩ መውጣቱን ማየት፤ ካለ እዚያው «ተርሚኔት» ማድረግ ነው።